ዘመድ አልነበረውም የሚለው ገጽ

የወንድሜን ሞት ከመጽሐፉ አወጡት። በቀይ እርሳስ ሰረዙት፤ አለቀ።

መጽሐፉ የአገራችንን ከተሞችና ወደቦች በፊደል ተራ የሚያስረዳ መዝገብ ነበር። የሚያዘጋጁት ፌርፋክስ ጎዳና አጠገብ አንዲት አፓርታማ ውስጥ የሚሰበሰቡ ተማሪዎች ናቸው። ያኔ በዚያ ጎዳና የእኛ ሰው ምግብ ቤት የሚባል ነገር አልነበረም፤ ዳቦ ጋጋሪውም ልብስ ሰፊውም አይሁድ ነው። እኔ ሆሊውድ የሰው መኪና አቆማለሁ። ተማሪ አይደለሁም። ማንበብ የተማርኩት ጢም ካወጣሁ ብዙ ቆይቼ ነው፤ እሱም በራሴ ፊደል አይደለም። ወደባችንን ይሠሩ ከነበሩት ዩጎዝላቮች ጋር ስሠራ ቋንቋቸውን በጆሮዬ ያዝኩ። ሥራው ሲያልቅ አገራቸው ሄጄ መርከብ ቀለም እየቀባሁ፣ ከሥራ በኋላ ከሌሎች ማይም ሠራተኞች ጋር ማንበብ አስተማሩኝ። ሀሁን የቆጠርኩት ከዚያ በኋላ ሎስ አንጀለስ ውስጥ፣ ለብቻዬ ነው።

ተማሪዎቹ የፈለጉኝም ለዚሁ ነው። ስለ ወደቡ አሠራር በአማርኛ የተጻፈ አላገኙም፤ በእንግሊዝኛ ያገኙትም ቁንጽል ነው። እኔ ዘንድ ግን ከመሐንዲሶቹ አንዱ በሰርቦ ክሮኤሽኛ የጻፈው መጽሐፍ ነበር። ተርጉም አሉኝ፤ ተረጎምኩ። አብዛኛው ስለ ድንጋይና ስለ ሲሚንቶ ነው። መሐሉ ላይ ግን ወንድሜ አለ፣ ከነአባቱ ስም። ባሕር ውስጥ ለሚገባው ጠላቂ የአየር ቱቦውን ከጀልባ ላይ ሆኖ ይይዝለት ነበር። ሥራው በተጀመረ በጥቂት ወር ንዳድ ያዘውና ሞተ። ከሠራተኛው መጀመሪያ የሞተው እሱ ነው። የተቀበረበት ቦታ በኋላ መጋዘን ተሠራበት። እናታችንም የለችም። እኔ ስሞት ያ ሰው በዚህ ዓለም እንደነበር የሚያውቅ አይኖርም። በገዛ ቋንቋው አንድ መስመር ትኑረው አልኩ። ሌላ የጠየቅኩት የለም።

አዘጋጁ በዕድሜ የሚያንሰኝ፣ ቀጭን፣ ሲጋራ ከእጁ የማይለይ ልጅ ነው። ጨዋ ነው። የሚያናድደኝም ጨዋነቱ ነበር።

«ጋሼ፣ ይህችን ማስገባት አልችልም» አለኝ።

«ለምን? ሰውዬው አልሞተም?»

«እሱን አይደለም ያልኩት። ሶርሱን ከእርስዎ በቀር ያነበበው የለም። አንዱ የጻፈውን ሌላው ከምንጩ ጋር ቼክ ማድረግ አለበት፤ ሕጋችን ነው።»

«ሲሚንቶውንስ ማን ቼክ አደረገልህ?»

«እሱ በእንግሊዝኛም አለ።»

«እንግሊዝ ያልጻፈው ሰው አይሞትም በለኛ!»

ሌሎቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም፤ ሰረዘው። እኔም ኮቴን አንሥቼ ወጣሁ፤ ከዓመት በላይ ደጃቸውን አልረገጥኩም።

የመለሰችኝ ፌርፋክስ ላይ የልብስ ቁልፍና ክር የምትሸጥ አሮጊት ናት። በደጇ ሳልፍ በስልክ ስትጨቃጨቅ ሰማኋት፤ ቋንቋው ያ የዩጎዝላቮቹ ነው። ገባሁና ሰላም አልኳት።

«ምን ዓይነት አፍ ነው ይኼ? ማን አስተማረህ?»

«የወደብ ሠራተኞች።»

«ያስታውቃል። ሰላም ስትለኝ ራሱ እናቴን የሰደብክ መሰለኝ።»

የመሐንዲሱን መጽሐፍ ይዤ፣ አዘጋጁን ለምኜ ሱቋ ወሰድኩት። ሴትዮዋ መነጽሯን አድርጋ ገጹን እያነበበች በእንግሊዝኛ ነገረችው። ሞቱ ልክ ነው፤ ስሙ ልክ ነው፤ መጀመሪያ የሞተው እሱ ነው። እዚህ ላይ ብታቆም ጥሩ ነበር። ቀጠለች፦ «ዘመድ አልነበረውም። እኛው ቀበርነው።»

አዘጋጁ ወደ እኔ ዞረ። «ጋሼ፣ ይህን አልተረጎሙትም።»

«ውሸት ነዋ! ውሸት ልተርጉምልህ? በእግሩ በኩል ሬሳውን የተሸከምኩት እኔ ነኝ።»

ዛሬም ቢሆን አልተረጉመውም።

«ሞቱን ከወሰድን ይኼንንም እንወስዳለን» አለ። «ከአንድ ገጽ ደስ ያለንን መርጠን አንጽፍም። እርስዎን ደግሞ ብቻዎን ሶርስ ማድረግ አልችልም።»

«ወንድሙ ሆኜ?»

«መጽሐፉ ወንድም የለውም እያለ?»

ከክሩ ሣጥን አጠገብ በርጩማ ነበር፤ ተቀመጥኩ። ደክሞኝ ነበር። ከዚህ ልጅ ጋር መከራከሩ ብቻ አይደለም፤ ሁሉ ነገር ደክሞኝ ነበር። ዘመድ የለሽ ተብሎ ከሚጻፍ ጭራሽ ባይጻፍ ይሻለዋል ብዬ ልነሣ ስል ሴትዮዋ ምን እንዳጣላን ጠየቀችኝ። ነገርኳት። የአባቴን ስም ጠየቀችኝ። እሱንም ነገርኳት። ጣቷን ገጹ ላይ አደረገች።

«ታዲያ እዚህ የተጻፈው የአባት ስም ሌላ ነው። በእኛ አገር ወንድማማቾች የቤተሰብ ስማቸው አንድ ነው። ይኼ መሐንዲስ የሁለታችሁን ስም ሲያይ ያየው ሁለት ባዳ ነው።»

«የአንድ እናት ልጆች ነን» አልኩ። «አባታችን ይለያያል። እሱ ሲሞት ቋንቋቸውን ገና አላውቅም ነበር፤ በምን አፌ ልንገራቸው?»

ያልኩትን ለአዘጋጁ በአማርኛ ደገምኩለት።

«የእናት ልጅ ናችሁ? ምነው ይህን ቀድመው ቢነግሩኝ?»

«ወንድሜ አልኩህ። ወንድሜ ያለህን ሰው የማን አባት ልጅ ነህ ብለህ ትመረምራለህ?»

«አልመረምርም» አለ። «እኔም ያደግኩት እንደዚያው ነው። ኦኬ። ምንጩ ለምን እንደተሳሳተ ከታወቀ ነገሩ ሌላ ነው። መጽሐፉ የሚለውን እንጽፋለን፤ ከሥሩ የተሳሳተበትን ምክንያት እናስገባለን። እርሳቸው ገጹን እንዳነበቡት ይመሰክራሉ፤ እርስዎም ቃልዎን ይሰጣሉ።»

በዚሁ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ኮሚቴ የሚባል ነገር አላውቅም ነበርና! አገር ቤት መንግሥት ተለውጦ ተማሪዎቹም፣ መዝገቡን የሚያጸድቀው ኮሚቴያቸውም ለሁለት ተከፍለዋል፤ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ሰላም የማይባባሉ ነበሩ። አንዱ ወገን ያጸደቀውን ሌላው ይጥላል። ወንድሜ የማንም ወገን ስላልሆነ ማንም አልቸኮለለትም። አዘጋጁ ብቻ እንደያዘ አልለቀቀም፤ ይህን ልመሰክርለት ይገባኛል።

በመጨረሻ ታትሞ ሲወጣ እሱ ራሱ መኪና ከማቆምበት ቦታ ድረስ ይዞልኝ መጣ። ቆሜ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። ስሙ ከነአባቱ ስም አለ፤ ቀጥሎ እንዲህ ይላል፦ «ከሠራተኞቹ መጀመሪያ የሞተው የጠላቂው ረዳት ነበር። ምንጩ ዘመድ እንዳልነበረው ይጽፋል፤ ሆኖም በአባት ስም ስለሚለያዩ ሳይታወቅ ቀረ እንጂ የእናቱ ልጅ አብሮት ይሠራ ነበር።» ከሥሩ የመሐንዲሱ መጽሐፍ፣ ገጹ፣ ቋንቋውም ሳይቀር ተጽፏል።

«እንዴት ነው ጋሼ?» አለኝ።

«ልክ ነው» አልኩት። ደስ አለህ ወይ ለሚለኝ ደስ አላለኝም። ልክ ነው፤ ይኸው ነው። አንድ ሰው ወንድም ነበረው ለማለት ይህን ያህል ዓመት ፈጀ። ነገሩ የተዘጋው ቅዳሜ፣ ሐምሌ 9 ቀን 1969 ዓ.ም. ነው።