የሱፍ ስብና የልጄ ጣት

የዚህ ነገር ባለቤቶች አራት ነን፦ እኔ፣ ሚስቴ፣ ከሚሴ ልብስ ስፌት ትማር የነበረችው ልጄ፣ የእጅ ቅባት የሸጠችላት የመድኃኒት ቤት ሴት።

የልጄ እጅ ከሕፃንነቷ ጀምሮ እየደረቀ ይሰነጠቅ ነበር። ያንን ቅባት ከያዘች ወዲህ ስንጥቁ ገጠመ፤ መርፌም ሳያማት መያዝ ጀመረች። ደስ ሊለኝ ሲገባ ጠረጠርኩ። ትምህርት ቤት ሳልገባ በመዝገበ ቃላት የተማርኩ ሰው ነኝና የቱቦውን ጽሑፍ ቃል በቃል ፈታሁት። ላኖሊን ይላል፤ የበግ ሱፍ ስብ ማለት ነው። ሐራም ነው አላልኩም። ነገር ግን በልጅነቴ የደጋ በግ ሸልቻለሁ፤ ያ ስብ እጅ ላይ ከቀረ ውሃው እየተንከባለለ ይወርዳል እንጂ ቆዳ አይነካም። ውሃ ቆዳ ካልነካ ደግሞ ውዱእ፣ የሶላቱ ትጥበት፣ የለም።

ስለዚህ ከየሶላቱ በፊት እጇን በልብስ ሳሙና እንድትፈትግ አዘዝኩ፤ በቀን አምስት ጊዜ። የመስጊዳችንን ሼህ እንኳ አልጠየቅኩም። ቅባቱ ሶላት ያበላሻል ብዬም ለጎረቤት ሁሉ አወራሁ።

«አባ፣ ውሃው እኮ ይነካኛል» አለችኝ አንድ ቀን።

«አንቺ ከመቼ ወዲህ ነው አዋቂ የሆንሽው?» አልኳት።

ስንጥቁ ተመለሰ፤ ከዚያ መገለ። የቀኝ እጇ ጠቋሚ ጣት አብጦ ደሴ ወስደናት በቀዶ ጥገና ተከፈተ። ጅማቱ ተበልቷል አሉን።

ስንመለስ ቱቦውን ይዤ ሴትየዋን ልወቅሳት ሄድኩ። እሷም ላኖሊን ከሚለው ፊት ያለውን አንብበውታል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ፔግ የሚል ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደልና ቁጥር ነበር፤ ትርጉሙን ስላጣሁት ዘልዬዋለሁ።

«አባቴ፣ ዋናው እኮ እሱ ነው። ስቡ በፋብሪካ ተለውጧል፤ በአንድ ጎኑ ዘይት ይይዛል፣ በሌላው ውሃ። ቆዳ ያለሰልሳል፣ ውሃ ሲያገኝ ግን ታጥቦ ይሄዳል።»

መዳፌ ላይ ቀብታ ከጆግ ውሃ አፈሰሰችበት። እንደ ወተት ነጥቶ ወረደ። ቆዳዬ ረጠበ።

ቤት ገብቼ የሆነውን ሳልደብቅ ተናገርኩ። ሚስቴ፣ «መጀመሪያ በራስህ እጅ ብትሞክረው ምን ነበረበት?» አለችኝ።

ልጆች ያላችሁ፣ አንብባችሁ ያልጨረሳችሁትን በአላህ ስም አታዝዙ።

ሒሳቡ ይኸው፦ ለሕክምናው በሬያችን ሰንበቴ ገበያ ተሸጠ። በእኔ ወሬ ከሴትየዋ የራቁ ደንበኞች አሁንም አልተመለሱላትም። ሚስቴ ከእኔ ጋር የምታወራው ለሥራ ብቻ ነው። የልጄ ጣት አይታጠፍም፤ ስፌቱንም ትታዋለች።