የጋሽ ሚደቅሳ ዳንቴል

ጋሽ ሚደቅሳ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሥራቸው ሰው ማስነሣትና ማስቀመጥ ነበር። ችሎት አስከባሪ ነበሩ። ዳኞቹ ብቅ ሲሉ «ተነሡ!» ይላሉ፤ ከሳሹም፣ ተከሳሹም፣ ጠበቃውም እኩል ብድግ ይላል። ችሎት መሀል ስልኩ የጮኸበት አንድ ሰውዬ የእሳቸውን ዓይን ሲያይ ስልኩን ከነባትሪው ገነጣጥሎ አስረከባቸው እየተባለ ይወራል። ድምፃቸው እንደዚያ ነበር። ጢማቸውም ቢሆን ድምፃቸውን የሚያግዝ ጢም ነው።

ጡረታ ወጥተው ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ወርቄ ጋር መዋል ሲጀምሩ ግን የሚያስነሡት ሰው አጡ። ወይዘሮ ወርቄን ሞክረው ነበር፤ አልሆነም። ስለዚህ የሽንኩርት አከታተፍ መተቸት ጀመሩ። ሽሮው ቀጠነ፣ መጋረጃው ተንጋደደ፣ የበሩ ማጠፊያ ዘይት ይፈልጋል። ይባስ ብሎ በክረምቱ ደረጃው ረጥቦ አንሸራተታቸውና ቁርጭምጭሚታቸው ወለም አለ። ወጌሻው አሽቶ፣ ጠቅልሎ፣ «እንዳይረግጡበት» ብሎ ሄደ። ሶፋ ላይ የተዘረጋ ችሎት አስከባሪ ምን ያህል እንደሚያስቸግር ወይዘሮ ወርቄን መጠየቅ ነው።

ወይዘሮ ወርቄ ትርፍ ሰዓታቸውን ዳንቴል የሚሠሩ ሴት ናቸው። አንድ ቀን ባላቸው ስለ ሽሮው ንግግር ሊጀምሩ ሲሉ የተወሳሰበ ክር አንሥተው ጭናቸው ላይ ወረወሩላቸው።

«እንካ፣ ይህን ፍታልኝ።»

ጋሽ ሚደቅሳ ክሩን ፈቱ። ጠቀለሉትም። ሌላ የሚፈታ ሲያጡ የሚስታቸውን እጅ ማየት ጀመሩ።

«እዚህ ጋ አንድ ቀዳዳ ዘለልሽ።»

«ሠሪው እኔ ነኝ ወይስ አንተ?»

«ዘለልሽ እኮ ነው የምልሽ!»

«እንግዲያው ራስህ ሥራዋ!» ብለው ኪሮሹን እጃቸው ላይ አስቀመጡላቸው።

ሠሩ። የመጀመሪያው ሥራቸው የሬዲዮ ልብስ ይሆናል ተብሎ ተጀምሮ የቋንጣ ቅርጽ ይዞ ወጣ። ሁለተኛው ትንሽ ሻል አለ። ከዚያ በኋላ የሚያቆማቸው ጠፋ። ቴሌቪዥኑ ለበሰ፣ ፍሪጁ ለበሰ፣ ሪሞቱ ኪስ ያለው ጃኬት ተሠራለት። ውኃ ለሚጠፋበት ቀን የተቀመጠው ቢጫ ጀሪካን እንኳ ጠርዙ ዘርፍ ያለው ነጭ ቀሚስ ለብሶ እንደ ሚዜ ኮሪደር ላይ ቆመ። አበባ ማውጣት የጀመሩት ማንም ሳያሳያቸው ነው። አበቦቹ መሀላቸው የተቀመጠ፣ ቅጠላቸው እኩል የሆነ፣ ወይዘሮ ወርቄ ራሳቸው አገላብጠው አይተው ዝም የሚሉባቸው ዓይነት ነበሩ።

ችግሩ ምስጢር መሆኑ ነው።

«ወርቄ፣ ይህ ነገር ከዚህ በር እንዳይወጣ።»

«ምነው፣ ሰርቀኸው ነው?»

«ያን ሁሉ ሰው ሳስነሣ የኖርኩ ሰውዬ አሁን ኪሮሽ ይዞ ተቀምጧል ይበሉኝ?»

በር በተንኳኳ ቁጥር ክሩም ኪሮሹም ጋቢ ሥር ይገባል። አንድ ጊዜ ቸኩለው ሲደብቁ ኪሮሹ ላይ ተቀመጡ። እንግዳው እስኪሄድ ድረስ ዓይናቸው እንባ እንዳቀረረ ቆየ። «ምነው ጋሼ?» ሲባሉም «ስለ ዓለም ሁኔታ እያሰብኩ ነው» አሉ።

ምስጋናውን የሚቀበሉት ታዲያ ወይዘሮ ወርቄ ሆኑ። ከታች ሦስተኛ ፎቅ የምትኖረው ጠጅቱ፣ የብሎኩ ኮሚቴ ሊቀ መንበር የሞቱማ ሚስት፣ ወንፊት ልትዋስ መጥታ የፍሪጁን ልብስ ስታይ ወንፊቱን ረሳችው።

«እትዬ ወርቄ! ይህን አበባ እንዴት አድርገው ነው ያወጡት? እጅዎ ይባረክ!»

«አሜን» አሉ ወይዘሮ ወርቄ።

ጠጅቱ እንደወጣች ጋሽ ሚደቅሳ ከጋዜጣቸው በላይ ብቅ አሉ። «አሜን አልሻት?»

«ምን ልበላት ታዲያ?»

«አሜን ማለት የነበረብኝ እኔ ነኝ!»

ጠጅቱ ግን አድናቆት ብቻ አልበቃትም። በሳምንቱ ምድር ቤት ሱቅ ያላትን ነስሪንን አስከትላ መጣችና ቅዳሜ ከሰዓት አበባውን እንዲያስተምሯቸው ለመነች። ወይዘሮ ወርቄ ሳያስቡት «እሺ» አሉ። በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው ነገሩ የገባቸው። እሳቸው የሚያውቁት ያንን ቀጥ ያለውን ተራ አሠራር ብቻ ነው።

«ምን ይሻላል?» አሉ።

ጋሽ ሚደቅሳ ጢማቸውን ጠመዘዙ። «እኔ መኝታ ቤት ከመጋረጃው ጀርባ እሆናለሁ። አንዴ ካሳልኩ ቀጥዪ ማለት ነው። ሁለቴ ካሳልኩ ተሳስተሻል። ጉሮሮዬን ከጠረግኩ ዙሪ።»

ቅዳሜ ደረሰ። ሴቶቹ ክራቸውን ይዘው ተቀመጡ። ጋሽ ሚደቅሳ በመጋረጃው ስንጥቅ በአንድ ዓይናቸው ያያሉ። ወይዘሮ ወርቄ ጀመሩ።

«እኽ» አለ መጋረጃው።

ቀጠሉ።

«እኽ፣ እኽ!»

ወይዘሮ ወርቄ ደነገጡ። ሁለት ሳል ተሳስተሻል ነበር ወይስ ዙሪ? ለማንኛውም ዞሩ። መጋረጃው ደግሞ «እኽ፣ እኽ!» አለ። ተመልሰው ዞሩ። ጠጅቱም ዓይኗን ከእጃቸው ሳትነቅል አብራ ትዞራለች።

«እትዬ ወርቄ፣ ጋሼን አሟቸዋል እንዴ?» አለች ነስሪን።

«ትንሽ ብርድ መትቷቸው ነው።»

ነስሪን እናቷ ሀሚዳ ስታደርግ ያየችውን የምታደርግ ልጅ ናት፤ ሳል ሰምታ መቀመጥ አትችልም። ማድቤት ገብታ ዝንጅብል ወቅጣ፣ ነጭ ሽንኩርት ጨምራ አፈላችና በትልቅ ኩባያ ይዛ ወደ መኝታ ቤቱ ሄደች። ጋሽ ሚደቅሳ አልጋው ላይ ዘለው ብርድ ልብሱን እስከ ጢማቸው ሳቡ።

«በትኩሱ ነው የሚጠጣው፣ ጋሼ። ሲጨርሱ እወጣለሁ።»

ጨረሱ። ምን ያድርጉ? ነስሪን ኩባያውን ይዛ ስትወጣ ዝንጅብሉ ጉሮሯቸው ላይ እሳት ሆኖ ተነሣ፤ አሁን እውነተኛው ሳል መጣ። «እኽ! እኽ እኽ! ኧኽኽኽም! እኽ!» ሳሎን ውስጥ ወይዘሮ ወርቄ ቀጠሉ፣ ፈቱ፣ ዞሩ፣ ዘለሉ፣ እንደገና ዞሩ፤ ላብ አጠመቃቸው። ጠጅቱ አንዱንም ሳታስቀር ተከተለቻቸው።

ጋሽ ሚደቅሳ ትንፋሻቸው ሲመለስ በመጋረጃው ስንጥቅ አዩ። የጠጅቱ አበባ አበባ አልነበረም። የተረገጠ ሸረሪት ነበር። እሷ ግን ብድግ አድርጋ ደስ ብሏት እያየችው፣ ሌላ እግር ልትጨምርበት ኪሮሹን ሰካች።

ስንት ዓመት ችሎት ውስጥ የኖረው ድምፅ ከየት እንደመጣ እሳቸውም አላወቁም።

«ይፈታ!»

ሦስቱም ሴቶች ቀጥ ብለው ተነሡ። የጠጅቱ ጥቅል ክር ሶፋ ሥር ገባ። ከታች ከሦስተኛ ፎቅ ወንበር ሲወድቅ ተሰማ፤ ቀጥሎም ደረጃውን የሚወጣ ሩጫ። በሩን በርግዶ ሞቱማ ገባ፣ አንድ እግሩ ነጠላ ጫማ አድርጎ፣ ሌላው ባዶውን።

«ማነው ማንን የሚፈታው? ጋሼ፣ በዚህ ዕድሜ! እትዬ ወርቄ ምን በደሉዎት? ትዳር እንዲህ በቁጣ አይፈርስም፤ ይቀመጡ፣ ሽማግሌ ይግባበት፣ እኔም አለሁ…»

ንግግሩ እዚያ ላይ ቆመ። ጋሽ ሚደቅሳ ከመጋረጃው ወጥተው ነበር፤ ትከሻቸው ላይ ብርድ ልብስ፣ ጆሯቸው ላይ ኪሮሽ፣ ብብታቸው ሥር ጥቅል ክር፣ እጃቸው ላይ ግማሽ የደረሰ የስኳር ዕቃ ልብስ።

ነፍሰ ገዳይ አጠገብ ቆመው ያልተንቀጠቀጡት ጋሽ ሚደቅሳ ብርድ ልብሱን ወደ ጢማቸው ሳቡ።

«ትዳሩ አይደለም የሚፈታው» አሉ በቀጭን ድምፅ። «የጠጅቱ ዳንቴል ነው።»

ጠጅቱ እሳቸውን አየች፣ የስኳር ዕቃውን ልብስ አየች፣ ፍሪጁን አየች። «እርስዎ ነዎት?» አለችና ሶፋው ላይ ወድቃ ሳቀች። ወይዘሮ ወርቄም ሳቁ፤ ሳቅ ብቻ ሳይሆን ዕረፍትም ነበረበት። ሞቱማ መሳቅ እንዳለበት ወይም ማስታረቅ እንዳለበት ስላልገባው ሁለቱንም በትንሽ በትንሹ ሞከረ። ጋሽ ሚደቅሳ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እያሉ ሳለ ነስሪን ሥራዋን አፍንጫቸው ሥር አቀረበችላቸው።

«እኔስ ጋሼ? ልክ ነኝ?»

መነጽራቸውን አወጡ። ወደ መስኮቱ አዙረው አዩት። «አንቺ ዝንጅብል ስታፈዪ ስለነበር ተርፈሻል» አሉ። «ቁጭ በዪ፣ ከዚህ እንቀጥላለን።»

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ከሰዓት የጋሽ ሚደቅሳ ሆነ። ትምህርቱ ከችሎት አይለይም። ስልክ ይጠፋል፣ ማስቲካ ይተፋል፣ ሐሜት በዕረፍት ሰዓት ብቻ ይፈቀዳል። አንዷ ስትሳሳት ይፈረድባታል፤ ግን ሴቶቹም ቶሎ ለመዱ። ጠጅቱ የተፈረደባትን ዳንቴል አንጠልጥላ ማድቤት ትገባለች፣ «ይግባኝ፣ እትዬ ወርቄ!» ትላለች። ወይዘሮ ወርቄ ማማሰያቸውን ሳያስቀምጡ በጨረፍታ አይተው «ፍርዱ ተሽሯል፣ ዳንቴሉ ባለበት ይጽና» ይላሉ። እስካሁን አንድም ጊዜ ለባላቸው ፈርደው አያውቁም።

ጠጅቱ ግን፣ እውነቱ ይነገርና፣ እጇ አልፈታም አለ። ለሞቱማ የሱፍ ቆብ ሠራችለት። ቆቡ በአንድ በኩል ጆሮ ያልፋል፣ በሌላ በኩል ግንባር አይደርስም፣ ጫፉ ላይ ደግሞ ማንም ያላዘዘው ጆንያ መሰል ነገር ተንጠልጥሏል። ሞቱማ ይህንን አድርጎ የብሎኩን ስብሰባ መራ። ስለ ውኃ ማጠራቀሚያው ሮቶ ረዥም ንግግር ሲያደርግ ጆንያው ግራ ቀኝ ይላል። ጋሽ ሚደቅሳ ከፊት ተቀምጠው ጣቶቻቸውን በጭናቸው መሀል አጣብቀው ያዙ። ስለ ሮቶው አንድም ቃል አልሰሙም።

ስብሰባው ሲያልቅ ሞቱማ ወደሳቸው መጣ። ጠጅቱ ከኋላው ቆማ ዓይን ዓይናቸውን ታያለች።

«ጋሼ፣ ቆቡ እንዴት ነው?»

ጋሽ ሚደቅሳ ቆቡን ዙሪያውን አዩት። አንዴ አፋቸውን ከፈቱ፤ መልሰው ገጠሙት። «ይሞቃል?» አሉ።

«ኧረ በጣም ይሞቃል። ብርድ የሚባል ነገር ረሳሁ እኮ።»

«እንግዲያው ጥሩ ቆብ ነው።»

የጠጅቱ ፊት በራ። «ለእርስዎም ጀምሬያለሁ፣ ጋሼ» አለች፤ ከቦርሳዋ ሜትር እያወጣች። «ሹራብ ነው። ባለ እጅጌ።»

ጋሽ ሚደቅሳ ስንት እጅጌ እንደሚኖረው መጠየቅ ፈሩ። ትከሻቸውን እንድትለካ ግን ቀጥ ብለው ቆሙላት።