የአባ እንካ ጣሪያ

የእህቴ ባል አናጢ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን በስሙ የሚጠራው ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ሁሉም «አባ እንካ» ነው የሚለው። ቅጽል ስሙን ያወጣችለት ከእኛው ጋር ቤተ ክርስቲያን የምትመጣ ዳቦ ጋጋሪ ናት። «ይኼ ሰውዬ ‹እንደምን አደርክ› ከማለቱ በፊት ‹እንካ› ማለት ይቀድመዋል» ብላ ሳቀችበት፣ ስሙም በዚያው ጸደቀ።

ሰው ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው ስብከት ሊሰማ ነው። አጅሬ ግን በአንድ ጆሮው ስብከቱን፣ በሌላው የአግዳሚ ወንበሮቹን ሲጥ ሲጥ ማለት ያዳምጣል። አንዲት አሮጊት ለመነሳት ፊታቸው የተቀመጠውን ሰው ትከሻ ሲጨብጡ አየ። በሚቀጥለው እሑድ የእሳቸው አግዳሚ ጫፍ ላይ በእጃቸው ልክ የተላገ መደገፊያ ተሠርቶ ተገኘ። እዚያው የሚመጣ አንድ ሾፌር ሲያገባ አልጋ ሠራለት። የዳቦ ጋጋሪዋን መደርደሪያ ምስጥ ሲበላው አዲስ ተሸክሞላት ሄደ። ታዲያ በትርፍራፊ እንጨት የሠራው እንዳይመስላችሁ፤ ለደንበኛ ካስቀመጠው መሃል ጥሩ ጥሩውን ሳንቃ መርጦ ነው። አንድ ቀን ንድድ ብሎኝ፣ «ለስጦታ ቁርጥራጩ አይበቃም?» ብለው፣ መላጊያውን እንኳ ሳያቆም «ለእግዜር ጉማጅ አይሰጥም» አለኝ።

ሰጥቶ ሲመለስ ልቡ ቅቤ ይጠጣል። እራቱን ይረሳል፣ ወሬ ይጀምርና ሳይጨርሰው ብቻውን ፈገግ ይላል። እህቴ «ዛሬ ደግሞ ማን ምን ወሰደ?» ስትለው እንደ ሕፃን ያፍራል። ብዙ ባለጠጋ አውቃለሁ፤ እንደሱ ደስ ብሎት የሚተኛ ሰው ግን አላየሁም። ስነጫነጭበት ብኖርም እውነቱን ከተጠየቅኩ እቀናበታለሁ።

ይህ ሰው የቤተ ክርስቲያኑን ኮርኒስ ሲጠግን ከመሰላል ወደቀና ዳሌው ተሰበረ። አጥንቱ ገጠመ፤ መሰላል መውጣት ግን በዚያው ቀረ፣ በክራንች ሆነ። ክፉ አጋጣሚ ሆኖ የራሱ ቤት ጣሪያ በዚሁ ሰሞን ማፍሰስ ጀመረ፣ ያውም ከእህቴ አልጋ በላይ። እህቴ አስም አለባት። አልጋውን ቢያዞሩት ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ፍሳሹ ይከተላታል፤ ግድግዳው ሻግቷል። ዝናቡ በጠና ቁጥር ትንፋሿ እያጠረ ሄደ። ሐኪሙም በዚህ እርጥበት ውስጥ ከቆየች ሳንባዋ እንደማይችለው ሳይደብቅ ነገረን።

እኔ እንዳልወጣ፣ ይህን ውፍረቴን የሚችል ቆርቆሮ ገና አልተሠራም። እኔ ቤት ትምጣ ብል፣ እሷ ያለሱ፣ እሱ ያለቤቱ አንሄድም አሉ። ሰው ልጥራ ስለው ወይ ፍንክች። «የሰው ፊት እሳት ነው። እግሬ ሲጠና ራሴ እወጣለሁ» ይላል። እግሩ እንደማይጠና እሱም ያውቃል።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ዝናቡ ጋብ ሲል ሾፌሩና ዳቦ ጋጋሪዋ፣ ከኋላቸውም ሁለት መዘምራን፣ ቆርቆሮና መሰላል ተሸክመው መጡ። የጠራኋቸው እኔ ነኝ፣ አልክድም። አባ እንካ ክራንቹን ተደግፎ በሩ ላይ ተገተረ።

«ጋሼ፣ ጣሪያውን ልናይልዎት ነው የመጣነው» አለ ሾፌሩ።

«እግዜር ይስጥልኝ ልጄ። ከእኔ የባሰበት አለ፣ ለሱ ውሰዱለት።»

«በሞቴ፣ ጋሼ።»

«ጸሎታችሁ ይበቃኛል።»

ይዘው የመጡትን ዕቃ እንደገና ተሸክመው፣ አንገታቸውን ደፍተው ሄዱ። ልቆጣው ስል እህቴ ቀደመችኝ። ከአልጋዋ ቀና ብላ ትንፋሿን እየለቃቀመች፣ «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ሲባል ሰምተህ አታውቅም?» አለችው።

ክው አለ። «እኔ መቼ ነው ብቻዬን የበላሁት?» እውነቱን ነው፤ ይህን ሰው በስስት የከሰሰው እስካሁን አልነበረም።

«ደስታውን ነዋ። ሰጥተህ ስትመጣ እንዴት እንደምትሆን ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ያን ደስታ ይህን ሁሉ ዓመት ብቻህን በላኸው። ሰዉ አልቀበልም ብሎ በር ላይ ቢመልስህ ኖሮ ምን ትሆን ነበር?» ሳል አቋረጣት፤ እስኪለቃት ጠበቅን። «ለእኔ ስትል ብዬ አልለምንህም። ለእነሱ ስትል አስገባቸው።»

እሱ ክራንቹን ብብቱ ስር ሸጉጦ ወጣ፤ ተከተልኩት። ዝናቡ መልሶ ጀምሯል፣ ሰዎቹም መታጠፊያው ጋ ደርሰዋል። ክራንቹ ጭቃው ውስጥ እየሰመጠ፣ እየነቀለ ጥቂት ተራመደና ተጣራ። ድምፁ አልወጣለትም። ዕድሜውን ሙሉ «ውሰዱ» ሲል የኖረ ሰው «ስጡኝ» ለማለት ጉልበት ያጥረዋል። ልጮህለት ስል በእጁ ከለከለኝ። ደግሞ ተጣራ፤ ሾፌሩ ዞረ።

«ያፈሳል» አለው አባ እንካ። «ሚስቴ ላይ ያፈሳል። ጠግኑልኝ።»

ከዚያ በኋላ የሆነው እስከ ዛሬ ያስቀኛል። ሾፌሩ መሪ እንጂ መዶሻ አያውቅም። ከላይ ሚስማር ሲጣመም፣ ቆርቆሮ ያለቦታው ሲበሳ፣ አናጢው ከታች፣ እህቴ አልጋ አጠገብ ሆኖ ጥርሱን ነክሶ ያዳምጣል። አንዴ ሊናገር ሲል እህቴ አየት አደረገችው፣ ተወው። እስከ ዛሬ ከሰጣቸው ስጦታዎች ሁሉ ትልቁ ያ ዝምታ ነው እላለሁ።

ሳይመሽ ፍሳሹ ቆመ። እህቴ በደረቅ አንሶላ ላይ ተጋደመች። ሾፌሩ ከመሰላሉ ሲወርድ ልብሱ በስብሶ፣ አውራ ጣቱ አብጦ ነበር፤ ጥርሱ ግን አልከደን አለ። አባ እንካ ያንን ፊት ትክ ብሎ አየው። ምስጋናውን ተናግሮ ዝም የሚል መስሎኝ ነበር።

«እንግዲህ» አለ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «የወጥ ቤቱም በር አልዘጋ ብሏል። ነገ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ማን ይመጣልኛል?»

ሾፌሩ አፉን ሳይከፍት ዳቦ ጋጋሪዋ መዶሻውን ከእጁ ቀማችው።

«ተራው የእኔ ነው» አለች።