ተራው የእሷ ነበር

የያዙን ማኅበር ላይ ነው። ሐምሌ ማርያም ነበረች፤ ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድበው የንስሐ አባታችን የሚሉትን እንኳ በቅጡ አንሰማም። ዳቦው ተቆርሶ ጠላው ገና አንድ ዙር ሳይሄድ የታጠቁ ወታደሮች ከነጭቃቸው ገቡ። አንደኛው፣ "ስብሰባውን የጠራው ማነው?" አለ። ባለተራዋ እኔ ነኝና "እኔ" አልኩ። "የሚቀጥለውስ የት ነው?" ሲል ጎረቤቴ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ የዋህ ናትና "የሚቀጥለው እኔ ቤት ነው" አለችው። ጽዋውን የምትረከበው እሷ ነበረች። ሁለታችንን ከአባ ጋር ወሰዱን፤ ሌሎቹን ወደየቤታችሁ አሏቸው።

ያስገቡን ደብረ ማርቆስ ዳር ካለ የማዳበሪያ መጋዘን ነው። ማዳበሪያው ወጥቷል፣ ሽታው ግን አልወጣም። ዓይን ያቃጥላል፣ ምላስ ላይ ይጎመዝዛል፣ የሚበላውም ሁሉ እሱን እሱን ይላል። ወንዶቹ በትልቁ አዳራሽ ሆኑ፤ እኛን ድሮ ሚዛን ከሚቀመጥባት ጠባብ ክፍል ከተቱን። እዚያ አንዲት እናት ቀድመውን ገብተዋል። የቁይ ከተማ ነጋዴ ናቸው፣ ሙስሊም፤ ከሱቃቸው የባትሪ ድንጋይ ማን እንደገዛ አልናገርም ብለው ነው የታሰሩት። "ግቡ፣ ግቡ፤ ቤቱ ኪራይ የለውም" ብለው ከሚተኙበት ጆንያ ከፍለው ሰጡን።

እኔ በከተማው የአንድ መሥሪያ ቤት ተጠባባቂ ኃላፊ ነበርኩ። "ተጠባባቂ" የምትለዋ ቃል በመስከረም ትነሣልሻለች ተብዬ ነበር። ሹመት እጠላ ነበር ብዬ አልዋሽም፤ ለዚያ ወንበር ብዙ ዓመት ለፍቻለሁ፣ ሲነግሩኝም ሌሊቱን ሙሉ ደስ ብሎኝ አላንቀላፋሁም።

ጎረቤቴ ጡት የሚጠባ ልጅ እናቷ ዘንድ ትታ ነው የተያዘችው። ልጁን ታምጣው ተብሎ ተፈቅዶላት ነበር፤ "ልጄን እዚህ ሽታ ውስጥ አላስገባም" አለች። ጡቷ እየሞላ ያማታል። ጠዋትና ማታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ በቲማቲም ጣሳ ትጨምቀዋለች፤ እትዬ፣ ነጋዴዋን እንዲያ ነው የምንላቸው፣ በሻርፓቸው ይከልሏታል።

ፍልሰታ እኩሌታው ላይ መርማሪው አስጠራኝ። ትሁት ሰው ነው፣ ክፉ ቃል ከአፉ አይወጣም። ወንበር ስቦ "ይቀመጡ" አለኝ። ከዚያ አንድ ወረቀት ወደ እኔ ገፋ አደረገ። አባ ማኅበሩ ላይ ጫካ ላሉት ታጣቂዎች ገንዘብ አዋጡ ብለውናል፣ መልእክትም ያስተላልፉ ነበር ይላል። ከሥሩ የጎረቤቴ ፊርማ አለ።

"አንድ ምስክር አይበቃም" አለ። "እርስዎ ከፈረሙ ሁለታችሁም ዛሬውኑ ቤታችሁ ትገባላችሁ። ሹመትዎም እንዳለ ነው፤ አነጋግሬልዎታለሁ።"

"አባስ?"

"የእሳቸው ጉዳይ ሌላ ነው።"

"እንዲህ ያለ ነገር አልተናገሩም።"

"ሃይማኖት ሌላ፣ ሥራ ሌላ ነው። እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት።"

"በሐሰት አልመሰክርም። ዕድሜ ልኬን አትመስክሩ ሲባል ሰምቼ አሁን ለወንበር ብዬ?" አልኩት።

ብዕሩን ከደነና ወደ ኪሱ መለሰ። "ሁለተኛ የሚጠራዎት የለም" አለኝ፣ አሁንም በትሕትና።

ደረቴን ነፍቼ ተመለስኩ። ጎረቤቴ ልብሷን ቋጥራ፣ ነጠላዋን ለብሳ፣ በሩ ሥር ቆማ ትጠብቀኛለች።

"ፈረምሽ?"

"አልፈረምኩም።"

ቋጠሮዋን ጣል አደረገችው። "አንቺ ወንበርሽ ቢቀር ትኖሪያለሽ" አለች። "መጽደቅ አማረሽ። በእኔ ልጅ ጽደቂ እንግዲህ።"

"አንቺስ የንስሐ አባትሽን ሸጠሽ የለም ወይ?" አልኳት። ከአፌ ሲወጣ ደስ አለኝ።

ከዚያ ወዲያ ተዘጋጋን። አንድ ጆንያ ላይ እየተኛን አንነጋገርም። ውዳሴ ማርያሙን እኔ ጮክ ብዬ እደግማለሁ፣ እሷ በሌላው ጥግ በለሆሳስ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስንጾም የተላከልንን እንጀራ እትዬ ከአይጥ ይጠብቁልናል፤ ሲደርስ ለየብቻ ቆርሰው ለየብቻ ይሰጡናል። እንደዚያ ሲያደርጉ ፊታቸው አያምርም፤ ምንም ግን አይሉም።

ጾሙ ተፈታ። ነሐሴ ማርያም ስትመጣ ወንድሜ ድፎ ዳቦ ላከልኝ። እኔም ጠላ ባይኖር በውሃ ጽዋውን እንጠጣ ብዬ የእትዬን የፕላስቲክ ጆግ አነሣሁ።

"ተራው የማን ነው?" አሉ እትዬ።

"የእሷ ነበር።"

"ታዲያ አንቺ ምን አነሣሽ? እናንተ ዘንድ የተጣላ ሰው ይጠጣል?"

"አይጠጣም። የተጣላ ሳይታረቅ ጽዋው አይከፈትም።"

"እንግዲያውስ ይኼ ውሃ ነው፤ ጠጪና ተኚ። ቂም ይዞ ጸሎት... ቀሪውን አንቺ ታውቂዋለሽ" አሉና ፊታቸውን አዞሩ።

ጆጉን አስቀምጬ ተቀመጥኩ። ነደደኝ። የዋሸችው እሷ፣ የፈረመችው እሷ፣ እኔ ምን አጠፋሁና ነው የምለምናት? መርማሪውን እምቢ ማለት አልከበደኝም ነበር። እንዲያውም ሰው ሁሉ ቢያየኝ ብዬ ተመኝቻለሁ። አሁን ግን ከጆንያው መነሣት አቃተኝ።

እሷ እንደ ልማዷ ወደ ግድግዳው ዞራ ነበር። እትዬ ሊከልሏት ሻርፓቸውን ሲያነሡ "ይተዉት፣ እትዬ" አለቻቸው። ጣሳዋ ባዶ ነው። ወተቷ ደርቋል።

ሄጄ አጠገቧ ተንበረከክሁ። "ይቅር በይኝ" አልኳት።

"በምን?"

"በልጅሽ።"

ብዙ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ከዚያ "የአባን መስቀል በምን ዓይኔ እሳለማለሁ?" አለችኝ።

"እሱ ያኔ ይደረስበታል። አሁን ተራሽን አውጪ" ብዬ ጆጉን ሰጠኋት።

ከጣሪያው በሚፈሰው ውሃ እጇን ታጠበች፣ ጆጉን በነጠላዋ ሸፈነች፣ ስለ እመቤታችን ብላ ዳቦውን ቆረሰች። ለእትዬ መጀመሪያ ሰጠቻቸው፤ "ዳቦውን እበላለሁ፣ ጸሎቱን ለራሳችሁ" አሉ። ለእኔ ውሃውን በሁለት እጇ ይዛ ስታቀርብልኝ ጠባቂው በሩን ከፈተ።

"ምን እየተደረገ ነው?"

ቀና ብላ አየችው። "ማኅበር ነው" አለችው። "ባለተራዋም እኔ ነኝ።"

ጆጉንም ዳቦውንም አየና በሩን መለሰው።

በጥቅምት ለምን እንደታሰርን ሳይነገረን ተፈታን። ያ ወረቀት ሁለተኛ ፊርማ ሳያገኝ ቀረ፤ አባም ዘግይተው ወጡ። መስቀሉን እሷ ሄዳ ተሳልማለች፤ ምን እንደተባባሉ አልጠየቅኳትም። ወንበሩን ሌላ ሰው ወሰደው። ወንድሜ "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" እያለ ይቀልድብኛል፤ እኔ ሳልሾም የተሻርኩ ስለሆንኩ ተረቱ አይገጥመኝም። አሁን ከደብረ ኤልያስ የሚመጣ ጤፍ እቸረችራለሁ፤ አልተራብኩም።

የተፈታን ዕለት ከእሷ ጋር እናቷ ቤት ሄጄ ነበር። ልጇን አንሥታ ጡቷን ሰጠችው። ልጁ ተመለከታት፣ ደግሞ ተመለከታት፤ ፊቱን አዙሮ ወደ አያቱ እጁን ዘረጋ። ጡት ረስቷል። እሷ ሸሚዟን ቆለፈችና "አደገ ማለት ነው" አለች።

ዛሬም ያ ወረቀት ቢመጣ አልፈርምም፤ በዚህ ጥርጥር የለኝም። ሰዎች ግን ለሃይማኖትሽ ብለሽ ሹመት ተውሽ እያሉ ሲያመሰግኑኝ ወሬውን ወደ ጤፍ ዋጋ አዞራለሁ። ወንበሩ የእኔ ነበር፣ ተውኩት። ወተቱ ግን የእኔ አልነበረም።