በስፌት መኪና የሚተነፍስ አኮርዲዮን

ለሹሙም ለሥራ ፈቱም፣ ለቅርቡም ለሩቁም ይታወቅ ዘንድ እነሆ እናውጃለን፦ ቁመቷ ከስፌት መኪና ጠረጴዛ እምብዛም የማያልፈው፣ የተሰበረውን ሁሉ በሽቦ እያሰረች ስለምታስነሳ «እመት ሽቦ» የተባለችው የስፌት መኪና ጠጋኝ፣ ከትናንት በስቲያ ሐሙስ አንድ ዳይሬክተርና አንድ ሙሉ ኮሚቴ አርበድብዳለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምና የሙዚቃ ትምህርት ቤቱና የልብስ ስፌት ማሠልጠኛው በአንድ ደብዳቤ ተጋቡ። አንድ በር፣ አንድ ማኅተም፣ አንድ ዳይሬክተር ደረሳቸው፤ እስከ ዛሬ ግን ሰላምታ እንኳ በቅጡ አይለዋወጡም። ደረጃውን ሲወጡ ሙዚቀኞቹ ቀኙን፣ ሰፊዎቹ ግራውን ይዘው ነው። ዳይሬክተሩ በየስብሰባው «ቅይጥነት የዘመኑ ጥበብ ነው» ይላል። አፉ ማር ነው።

ምድር ቤት የማሠልጠኛውን መኪናዎች የምትጠግነው እመት ሽቦ ፎቅ ላይ አኮርዲዮን የሚያስተምር ታላቅ ወንድም አላት። ከወራት በፊት ስትሮክ መታውና ግራ እጁ ከዳው። አኮርዲዮን ደግሞ ቀኝ እጅ ቁልፉን ቢነካካ ግራው ሆዱን ካልሳበለትና ካልገፋለት ትንፋሽ የለውም። እስከ ሐሙስ ተጫውቶ ካላሳየ ጡረታ ይውጣ ተባለ። ጋሼ አኮርዲዮኑን ጨርቅ አልብሶ ጥጉን ያዘ። እሷን ከሕመሙ ይልቅ ተስፋ መቁረጡ አንገበገባት።

ረቡዕ ጠዋት አንድ የተጣለ የስፌት መኪና ስትፈታታ እግሯ መርገጫውን ነካው። ዘንጉ ሄደ፣ መጣ፤ ሄደ፣ መጣ። መፍቻዋን ወርውራ ተነሳች። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወጥታ አኮርዲዮኑን አቅፋ ወረደች፤ ጋሼ «አንቺ፣ ልትሸጪው ነው?» እያለ ከኋላዋ አዘገመ። ቀኝ ጎኑን ከጠረጴዛው ጋር አሰረች፣ ግራ ጎኑን ከዘንጉ ጋር በሽቦ ጠፈረች።

«ጋሼ፣ እርገጠው።»

«ሸሚዝ ልሰፋበት ነው?» አለና ረገጠ።

አኮርዲዮኑ ተነፈሰ! ቀኝ እጁ አንድ ዜማ ያዘ፤ የመኪናው ቸክ ቸክ ደግሞ በድሮ ጨዋታው ውስጥ ያልነበረ ምት ሆነለት። ሠልጣኞቹ ጨርቃቸውን እየጣሉ ከበቧቸው። ጋሼ የወራቱን ሳቅ በአንድ ጊዜ ሳቀው።

ሐሙስ ኮሚቴው ፊት ተጫወተ። ከጠረጴዛው ሥር የዳይሬክተሩ ጫማ ምት ሲመታ እመት ሽቦ በዓይኗ በብረቱ አየች። ጨዋታውን ማንም አልነቀፈም። የሙዚቃ ክፍል ኃላፊው ግን መርገጫ ያለው ሁሉ የስፌት ንብረት ነው አለ። የስፌቷ ኃላፊ ደግሞ እኛ ዘንድ የሚዘፍን ዕቃ አልተመዘገበም ብላ መለሰች። ክፍል የሌለው ዕቃ ወደ ቁርጥራጭ መጋዘን፣ መሣሪያ የሌለው መምህር ወደ ቤቱ፤ ደንቡ ይኸው ነው።

እመት ሽቦ ብድግ አለች። «ጌታዬ፣ እርስዎስ የየትኛው ክፍል ነዎት?»

ዳይሬክተሩ ቀኙን አየ፣ ግራውን አየ። «የሁለቱም» አለ በመጨረሻ።

«እርስዎን መጋዘን ያላስገባ ደንብ ታዲያ የጋሼን አኮርዲዮን ስለምን ያስገባል?»

መጀመሪያ የሳቀው የንብረት ክፍሉ ጸሐፊ ነበር፤ ከዚያ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ዳይሬክተሩ ላቡን ጠርጎ ወሰነ፦ መምህሩ እስከ ሰኞ ያስተምር፤ እስከዚያ በአኮርዲዮኑ የንብረት ካርድ ላይ «ክፍል» ከሚለው ፊት አንድ ነገር ካልተጻፈ ግን ደንቡ ይፈጸማል። ሁለቱም ኃላፊዎች ብዕር አልቆብናል ብለው ወጡ።

ካርዱ አሁን በጋራው በር ላይ ተለጥፏል። እመት ሽቦ አጠገቡ እርሳስ በሽቦ አንጠልጥላለች፤ ከላይ አኮርዲዮኑ ቸክ ቸክ እያለ ይዘፍናል። አንባቢ ሆይ፣ አንተም አንድ እግርህን እዚህ፣ አንዱን እዚያ ተክለህ የምትኖር ነህና፣ በዚያ በር ስታልፍ እባክህ ያችን እርሳስ አንሣና «ክፍል» ከሚለው ፊት ባለው ባዶ ቦታ ላይ…