ሦስተኛው ጉንጭ

በዚህ ነገር ውስጥ አራት ሰዎች ነበርን። አንደኛው እኔ ነኝ፤ ቡና መጋዘን ውስጥ ጆንያ በመሸከም ጀምሬ፣ የሌላውን አፍ እያየሁ ራሴን አስተምሬ ቡና ቀማሽ የሆንኩ ሰው። ሁለተኛዋ ባለቤቴ ናት። ሦስተኛው የበኩር ልጃችን ነው፤ አትላስ አካባቢ ባለ ሆቴል ውስጥ መጠጥ ይቀዳ ነበር። አራተኛው የዚያ ሆቴል እንግዳ የነበረ ፈረንጅ ነው። እኔ ፊቱን አላየሁትም። ለልጄ አንድ ጠርሙስ ቢራ ሰጥቶት ወደ አገሩ ሄደ።

የቀማሽ ሥራ እንዲህ ነው። የተፈላው ቡና በስኒ ይደረደራል፤ ቀማሹ በማንኪያ እየጨለፈ በኃይል ይስበዋል፣ በአፉ ያዞረዋል፣ ከዚያ ይተፋዋል። ቀማሽ አይውጥም። አንዱን ስኒ ሦስት ጊዜ እንቀምሰዋለን፤ ትኩስ ሳለ፣ ለብ ሲል፣ ሲቀዘቅዝ። ከሦስተኛው ጉንጭ በፊት መናገር ነውር ነው፤ የአንዱ ቃል የሌላውን ምላስ ያሳስታል። እኔ ይህን ዝምታ ወደ ቤቴም አመጣሁት። ልጆቼ ሲጠይቁኝ ቶሎ አልመልስም ነበር። ሥራዬንም ቁጭ ብዬ አስረድቻቸው አላውቅም።

መጠጥ ቤቴ አይገባም ነበር። ምላሴ እንጀራዬ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ መጠጥ ስንት ትዳር ሲበትን አይቻለሁ፣ ዛሬም አላመሰግነውም። ልጄ ሆቴሉ ሲቀጠር «ሰው የሚያሰክር እጅ ከእኔ ጋር ከአንድ ትሪ አይቆርስም» አልኩት። ልብሱን ጠቅልሎ ወጣ። ቦሌ ሚካኤል፣ የብረት በር ከሚበየድበት ግቢ ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራየ። አምስት ወር ድምፁን አልሰማሁም።

መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። በጥቅምት አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ እናቱ ለምናው ኖሮ መገናኛ አጠገብ ወዳለው ቤታችን መጣ። በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር በብብቱ ይዟል።

«ባዶ እጄን አልመጣሁም እማዬ። ለአባባ ቡና ይዣለሁ» አለ።

ጋዜጣው ሲገለጥ ጥቁር ጠርሙስ ወጣ።

«ይሄ ነው ቡናው?» አልኩ።

«ቢራም ነው፣ ቡናም ነው አባባ። ቡና ጨምረው ነው የጠመቁት። እንዲህ ያለውን ጥቁር ቢራ ኢምፔሪያል ስታውት ይሉታል። ጥንካሬው የእኛን ቢራ እጥፍ ነው።»

ቃሉን ሽፋን ከሌለው መዝገበ ቃላቴ አውቀዋለሁ፤ የንጉሠ ነገሥት ማለት ነው። «ኢምፔሪያል? ንጉሡን አውርደን ቢራቸውን ልንጠጣ ነው?»

ባለቤቴ ሳቀች። በአምስት ወር ውስጥ ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ነው። «አንተ ሰውዬ፣ ማን ጠጣው አለህ? ቀምሰህ መትፋት ሥራህ አይደል?»

ልጄም ተቀበላት። «እንደ አንድ ስኒ ይቁጠሩት አባባ። ቡናው የየት አገር እንደሆነ ይንገሩኝ። ከሥራ ጓደኞቼ ጋር በምሳ ተወራርጃለሁ፤ አባቴ ያውቀዋል ብዬ።»

ገባኝ። ወደ ቤት የሚመለስበትን በር ራሱ ሠርቶ፣ መክፈቻውን በእጄ ማስቀመጡ ነበር። እኔ አንድ የአገር ስም ብጠራ ይበቃል።

ባለቤቴ ብርጭቆና ባዶ የወተት ዱቄት ጣሳ አመጣች። ሲቀዳ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይመስላል፤ አረፋው ግን ቡናማ ነው፣ ቶሎም አይሞትም። አሸተትኩት። መጀመሪያ የመጣው ቡና ሳይሆን አሻሮ ነው፤ ለጠላ የሚቆላው ገብስ፣ ሊያር ጥቂት ሲቀረው። በኃይል ሳብኩት። ከሆቴሉ ማቀዝቀዣ እንደወጣ ቅዝቃዜው አልለቀቀውም፤ ምላሴን አሰረው። ምሬቱ እንደ ጌሾ ሆኖ ከጎን ገባ፣ ከኋላው የጠቆረ የስኳር ጣፋጭነት ተከተለ። ጣሳው ውስጥ ተፋሁት።

ቡና በመቀዝቀዝ ጣዕሙን ይገልጣል፤ ይህ ደግሞ በመሞቅ መሆን አለበት ብዬ ብርጭቆውን በእጄ ይዤ ጠበቅኩ። ልጄ አፍ አፌን ያያል።

«እ... አባባ?»

ቆይ ለማለት ጣቴን አነሳሁ። ልጅ ሳለ ዝም የማሰኘው በዚያው ጣት ነበር።

ሁለተኛው ጉንጭ ለብ ብሎ መጣ። አሁን ቡናው ራሱ ተናገረ፤ እንጆሪ የመሰለ ጣፋጭ ኮምጣጣነት፣ በመጨረሻም በወይራ የታጠነ ጋን የሚመስል ጭስ። የመጠጡ ኃይል ከምላሴ አልፎ ጉሮሮዬን አሞቀው። ካልታጠበ፣ ከነገለፈቱ ከደረቀ የሐረር ቡና በቀር ይህን ሽታ የሚሰጥ የለም። አወቅኩት። ያማረ ነገር ነበር፤ ይህንንም አወቅኩ። ተፋሁትና ሦስተኛውን ለመጠበቅ ዝም አልኩ።

ልጄ ተነሣ።

«ገባኝ አባባ። ሁለት ጊዜ ተፉት። አንዱ ይበቃ ነበር።»

«የት ትሄዳለህ? ቁጭ በል እንጂ!» አለች እናቱ። በሩ ተዘጋ።

ልማድ ነው ብል ግማሹ እውነት ነው። ሦስት ጊዜ መቀመሱን በቤቴ የሚያውቅ አልነበረም። ግማሹ ግን ሌላ ነው፤ ልጄ ቃሌን ሲጠብቅ ማየት ደስ ብሎኝ ነበር። እስከ አስፋልቱ ተከትዬው «የሐረር ነው» ብለው ኖሮ ይመለስ ነበር። አባት ልጁን አይከተልም ብዬ ተቀመጥኩ።

ከዚያ በኋላ ባለቤቴ እሑድ እሑድ ቦሌ ሚካኤል ልሳለም እያለች በታክሲ ትሄዳለች። እኛ አጠገብ ቤተ ክርስቲያን የጠፋ ይመስል። ፋሲካ ሲሆን የልጇን ድርሻ በምሳ ዕቃ ይዛ ትወጣለች፤ እኔ ያላየሁ እመስላለሁ። አንድ ቀን «አንድ ቃል እኮ ናት» አለችኝ። «እሱ ይምጣ» አልኳት። ሦስት ዓመት ሊሞላ ሲል፣ በክረምት ታመመች፤ ወር እንኳ አልቆየችም።

ልጄ ለቀብር መጥቶ ከድንኳኑ ሌላ ጫፍ ተቀመጠ። በአርባዋ ማግስት የእድሩን አግዳሚ ወንበሮች ሊመልስ ሲያወጣ፣ እኔ ቁም ሣጥኗን ከፈትኩ። ከነጠላዎቿ ስር ያ ጠርሙስ ነበረ፤ አፉ በበቆሎ ቆረቆንዳ ተወትፎ፣ ግማሹ እንዳለ። ሲታረቁ ይጨርሱታል ብላ ይሆናል።

«ና ተቀመጥ» አልኩት።

ቀዳሁት። አረፋ የለውም። ኮምጣጤ ሆኗል፤ አሻሮው ሞቷል፣ የስኳሩ ነገር ጠፍቷል። ከሥሩ ግን ያ እንጆሪ እንደ ቀጭን ክር አለ። ጣሳ አልጠየቅኩም። ዋጥኩት።

«የሐረር ነው» አልኩ። «ያልታጠበ። ያን ዕለት አውቄዋለሁ።»

ልጄ ባዶውን ብርጭቆ ከእጄ ተቀበለ። «የውርርዱን ምሳ ከጋበዝኳቸው ሦስት ዓመት ሆነ አባባ» አለ፣ ከዚያም ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

ፈረንጁ የወጣበት አንድ ጠርሙስ ቢራ ነው። እኔና ልጄ ሦስት ፋሲካ ከፈልን፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ አብረን ፈስከናል። እናቱም የከፈለችው ሦስት ነው፤ የእሷ ግን የመጨረሻዎቹ ሦስት ነበሩ።