እትዬን ጉማሬ ያስጠናሁበት ሳምንት

ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ሰፈር በተከራየሁበት ግቢ ውስጥ ከተማውን ከሁሉም አብልጠው የሚያወድሱት አከራዬ እትዬ ነበሩ። ከሁላችንም ያነሰ ያዩትም እሳቸው ነበሩ፤ ይህን ግን ያወቅሁት አንድ ሰኞ አመሻሽ ላይ ነው። በሬን አንኳኩተው ገቡና በሩን ከኋላቸው ዘጉት።

«አንተ ቤት አይቀመጥህም» አሉኝ።

ልክ ናቸው። ግጥም የሚመጣልኝ ስራመድ ነው፤ ወንበር ላይ ከተቀመጥኩ አንድ ስንኝ አይወጣኝም። እንዲህ ነው የሚጻፈው ብሎ ያስተማረኝ ሰው ስለሌለ፣ በእግሬ መጻፌ ትክክል ይሁን አይሁን አላውቅም። ብቻ ከጥቁር ውኃ እስከ ቡሹሎ ያልረገጥኩት መንገድ የለም። እትዬ ይህን ዙረት ይሉታል። የዚያን ቀን ግን ስሙን ቀየሩት።

«አንተ አገሩን ታውቀዋለህ። አስጠናኝ።»

«ምኑን እትዬ?»

«ሐዋሳን።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የባላቸው ታላቅ እህት አዲስ አበባ ይኖራሉ። እዚያ አዲስ መናፈሻ በተከፈተ ቁጥር ሄደው ፎቶ ይነሡና በቴሌግራም ይልካሉ፤ ፏፏቴ፣ የሚያበራ ድልድይ፣ የተኛ አንበሳ። እትዬ በበኩላቸው ፎቶ አይልኩም፤ ድምፅ ቀድተው ነው የሚልኩት። «እኛማ እሑድ እሑድ ከአምልኮ መልስ ጀልባ ላይ ነን። ጉማሬው ራሱ ለምዶናል» ይላሉ። እኔም በመስኮቴ እየሰማሁ እውነት ይመስለኝ ነበር።

እውነቱ ግን ሌላ ነው። እትዬ ሐዋሳ የገቡት በሙሽርነታቸው ነው። ገበያ ውስጥ ክር፣ ቁልፍ፣ ዚፕና ገበር የሚሸጡባት ጠባብ ሱቅ አለቻቸው። ሳምንቱን እዚያ ናቸው፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን፤ ከዚያ ቤት። ሐይቁን የሚያውቁት በባጃጅ ሲያልፉ ነው። ጀልባ ወጥተው አያውቁም። ጉማሬ በዓይናቸው አላዩም። አሁን ደግሞ የባላቸው እህት ቅዳሜ እመጣለሁ ብለዋል፤ «የምታዞሪኝ አንቺ ራስሽ ነሽ» ብለውም ቆርጠዋል።

«ቢያውቁስ ምን ይሆናል? ይስቃሉ፤ ያልፋል» አልኳቸው።

«አንተ አታውቃቸውም» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «በሠርጌ ቀን፣ ‹ይቺ ልጅ ከቤትና ከገበያ ውጪ ምን ታውቃለች?› ብለዋል። በር ላይ ቆሜ ሰምቻለሁ። ይኸው ሃያ ዓመት ሙሉ ለዚያች ቃል መልስ ስሰጥ ኖርኩ። ቅዳሜ መልሴ ሁሉ ባዶ ሊሆን ነው።»

በረንዳው ላይ የነበሩት ባላቸው በግድግዳው በኩል ሰምተው ኖሮ፣ «እኔ የለሁበትም!» አሉ።

ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ እትዬ ሱቃቸውን ዘጉና ጥናቱ ተጀመረ። መጀመሪያ ሐይቁ ዳር ወዳለው መናፈሻ፣ ፍቅር ሐይቅ ሄድን። ዳር ዳሩን ባለው የድንጋይ መንገድ ላይ እንደ ሥራ ሰዓት ይፈጥናሉ።

«ቀስ ይበሉ እትዬ፤ እዚህ የሚመጣ ሰው አይቸኩልም።»

«ታዲያ ምን ያደርጋል?»

«ይቆማል። ያያል።»

ቆሙ። ቦርሳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ውኃው ላይ አፈጠጡ። አጠገባችን ሦስት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሃንድአውታቸውን ዛፍ ሥር ጥለው ፎቶ ይነሣሉ። ጥቂት ቆዩና እትዬ ወደ እኔ ዘወር አሉ።

«ይበቃል? ወይስ ገና ልቁም?»

ዓሣ ገበያው፣ አሞራ ገደል ስንደርስ ግን አስተማሪነቴን አጣሁ። ዓሣ አጥማጆቹ አንጀቱን የሚጥሉላቸው አባ ኮዳዎች፣ እነዚያ ራሰ በራ ትልልቅ ወፎች፣ አንገታቸውን ትከሻቸው ውስጥ ቀብረው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ስለ እነሱ ለመጻፍ ስንት ጊዜ ሞክሬ ስንት ጊዜ ቀድጃለሁ። እትዬ አንድ ጊዜ አዩአቸውና፣ «የሰፈራችን ኮሚቴ ምሳ እስኪቀርብ ሲቀመጥ ልክ እንዲህ ነው» አሉ። ቅናት ያዘኝ። ለቅዳሜ ይህንኑ እንዲደግሙት መከርኳቸው።

ታቦር ተራራን ግማሽ ድረስ ወጣን። ከተማው በሙሉ ከታች ተዘርግቷል፤ ሐይቁ ያበራል፤ ማዶ ያሉት ተራሮች ሰማያዊ ሆነዋል። እኔ ሐይቁን ስጠቁም እሳቸው ጀርባቸውን ሰጥተውት የገበያውን ቆርቆሮ ይፈትሻሉ።

«ሱቄ የቱ ጋ ነው? ከዚያ ከቀዩ ጣሪያ ወዲህ ነው ወዲያ?»

አገኘንላቸው። ከሁሉም ረጅም ጊዜ ያዩት እሱን ነው።

የቀረው ጀልባው ነበር። እሱን በምንም ቃል ላሳምናቸው አልቻልኩም። «ቅዳሜ መውጣቴ አይቀር» አሉ። «ለልምምድ ብዬ ሁለት ጊዜ ልሙት?» ስለዚህ ጉማሬውን ተራራው ላይ ተቀምጠን፣ ውኃ ሳንነካ፣ በቃል ላስጠናቸው ሆነ።

ዕድሌ ነው ብዬ ጀመርኩ። «ውኃው ሲከፈት፣ ከጥልቁ እንደ ቆየ ሐሳብ ቀስ ብሎ...»

«ግጥሙን ተወውና ጆሮው የት ጋ እንደሆነ ንገረኝ።»

ነገርኳቸው። ጆሮው ከግንባሩ በላይ ነው፤ ለዚያ ሁሉ ገላ ትንሽ ነው። መጀመሪያ ጆሮ ይወጣል፣ ከዚያ ዓይን፣ ከዚያ አፍንጫ። ከሩቅ ድንጋይ ይመስላል። ጆሮው ሥር ሐምራዊ የሚመስል ቀለም አለው። እትዬ እንደ ቃል ጥናት እየደጋገሙ ያዙት። ዓርብ ልብስ ሲያሰጡ፣ አንዱን አንሶላ «ጆሮ»፣ አንዱን «ዓይን»፣ አንዱን «አፍንጫ» እያሉ ሲሰቅሉ ሰምቻቸዋለሁ።

ቅዳሜ እንግዳችን መጡ። ረጅም ናቸው፤ ጥቁር መነጽርና ሰፊ ባርኔጣ አድርገዋል። እትዬን ገና ከሩቅ «ሙሽራዬ!» ብለው ጠሯቸው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ስማቸውን አልቀየሩላቸውም። እኔን እትዬ እንዲህ ብለው አስተዋወቁኝ፤

«ተከራያችን ነው። ከተማውን እምብዛም አያውቅም፤ እንዲያይ ብዬ ነው ያመጣሁት።»

የእንግዳችንን ቦርሳ ተሸክሜ ከኋላ ተከተልኩ።

እትዬ ያን ቀን ጎበዝ ነበሩ። ፍቅር ሐይቅ ላይ በዝግታ ተራመዱ፤ «እዚህ ጋ ቆም ይባላል» አሉና ቆም አደረጓቸው። የኮሚቴው ነገር ሲነገር እንግዳችን መነጽራቸውን አውልቀው እንባቸውን እስኪጠርጉ ሳቁ። ዛፍ ጥላ ሥር የተጠበሰ ዓሣ በዳጣ በላን፤ እትዬ አጥንቱን እንዴት በአንድ ጊዜ ከሥጋው እንደሚለዩ ለእንግዳችን አሳዩ። ደጋግመው ያዩኛል። ዓይናቸው «እንዴት ነኝ?» ይላል። እኔም በዓይኔ «አንደኛ» እላለሁ።

ከዚያ ጀልባው መጣ።

አንድ እግራቸውን ሲያነሡ ክንዴን ያዙ፤ ጥፍራቸው በሸሚዜ አልፎ ተሰማኝ። ፊታቸው ግን ፈገግ እንዳለ ነው። ተቀምጠው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ምነው ሙሽራዬ?» አሉ እንግዳችን።

«በየሳምንቱ ብወጣም ሁልጊዜ እጸልያለሁ።»

«አሜን» አሉ እንግዳችን፤ እሳቸውም ጨፈኑ።

ኮፍያውን ወደ ኋላ ያዞረው ወጣት ጀልባ ነጂ ሞተሩን አስነሣ። ዳሩን ይዘን ቄጠማ ወደበዛበት ተጓዝን፤ ንፋሱ የእንግዳችንን ባርኔጣ ሁለቴ ሊወስደው ሞከረ። ቄጠማው አጠገብ ስንደርስ ወጣቱ ፍጥነቱን ቀነሰና በጣቱ ጠቆመ። ከሩቅ ሦስት ጥቁር ድንጋዮች ይታያሉ።

«የታለ? አይታየኝም» አሉ እንግዳችን።

እትዬ ጊዜያቸው ደረሰ። «ረጋ ይበሉ እታለም» አሉ። «ከሩቅ ድንጋይ ይመስላል። መጀመሪያ ጆሮው ነው የሚወጣው። ለገላው ትንሽ ነው። ከዚያ ዓይኑ፤ ከዚያ አፍንጫው። ጆሮው ሥር ሐምራዊ ነገር አለው።»

«ወይ ጉድ! እንደ ልጅሽ ነው የምታውቂው!»

ይህን እያሉ ከሦስቱ ድንጋዮች አንዱ ጠፋ። ውኃው ለጥ አለ። ጥቂት ቆየና ካሰብነው በጣም ቀርቦ፣ ከጀልባችን በስተግራ ውኃው ተሰነጠቀና አንድ ትልቅ ራስ ብቅ ብሎ በሁለቱም አፍንጫው «ፉፍፍ!» አለ። ጢስ የመሰለ ውኃ ተረጨ።

እትዬ ጮኹ። ግማሽ ተነሥተው ወደ እኔ ዞሩና ከሐይቁ ማዶ በሚሰማ ድምፅ፣

«ይተነፍሳል ብለህ አልነገርከኝም!» አሉ።

«ማዘር፣ አይነሡ! ይቀመጡ!» አለ ወጣቱ፣ ጀልባውን ወደ ኋላ እየመለሰ።

ተቀመጡ። ያሉት ነገር የገባቸው ከተቀመጡ በኋላ ነው። እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። እንግዳችን እኔን አዩ፤ እሳቸውን አዩ፤ ቀስ ብለው መነጽራቸውን አወለቁ።

«አልነገረሽም?»

እትዬ እጃቸውን ከአፋቸው አወረዱ። «አይቼ አላውቅም እታለም። አንድም ቀን። ጀልባውም ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።»

«እና ያ ሁሉ ድምፅ?»

«እርስዎ ፏፏቴ ሲልኩ እኔ ምን ልላክ? ዛሬ ዚፕ ሸጥኩ ልበል? በሠርጌ ቀን፣ ‹ከቤትና ከገበያ ውጪ ምን ታውቃለች› ብለዋል። ሰምቻለሁ።»

እንግዳችን ግንባራቸውን ቋጥረው አሰቡ። የምር አሰቡ። «እኔ? አላስታውሰውም። ብዬስ ቢሆን፣ ሃያ ዓመት ይዘሽው ትዞሪያለሽ?»

«ታዲያ የት ላስቀምጠው?»

እንግዳችን የእትዬን እጅ ያዙና ጉልበታቸው ላይ አደረጉት። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ ሳቅ ነው። «ይተነፍሳል ብለህ አልነገርከኝም!» እያሉ ደገሙት፤ እትዬም መጀመሪያ ተቆጡ፣ ቀጥሎ አብረው ሳቁ፤ ጀልባዋ መወዛወዝ ጀመረች፤ ወጣቱ «ኧረ ማዘሮች!» ማለት አበዛ።

«አንተ ልጅ፣ ራቅ ብለህ ሞተሩን አጥፋልን» አሉት እንግዳችን። «ሙሽራዬ ገና ማየቷ ነው።»

አጠፋው። ጸጥ ሲል የጉማሬዎቹ ትንፋሽ አንድ በአንድ ይሰማል። ስንት ጊዜ መጥቼ ይህን ድምፅ ሳልጽፈው መቅረቴ ገረመኝ። እትዬ ቦርሳቸውን እግራቸው ሥር ጣሉት፤ ጠዋት ከቤት ከወጣን ጀምሮ ከዓሣው ሰዓት በቀር ከእጃቸው አልተለየም ነበር። ወደ ወጣቱ ጠጋ አሉ። ከዚህ በኋላ ምንም ማወቅ አይጠበቅባቸውም፤ ይህ ፊታቸው ላይ ይነበባል።

«ለመሆኑ ሌሊት የት ነው የሚያድረው?»

«ሣር ሊበላ ይወጣል ማዘር።»

«ያን ገላ ይዞ? እናቱ የቷ ናት? ውኃ ውስጥ ነው የምትወልደው? ሰው ይለያል?»

«እኔም ልጠይቅ እንጂ!» አሉ እንግዳችን። «ያ ከኋላ ያለው ለምንድን ነው ብቻውን የሆነው? ተጣልተው ነው?»

ወጣቱ ኮፍያውን ወደ ፊት መለሰና መቅዘፊያውን ጭኑ ላይ አጋደመ።

«አንድ በአንድ፣ ማዘሮች» አለ። «አንድ በአንድ።»